ሃያ ጥያቄ፣ ስንት «አዎ»?

11። 3። 7።

ሦስቱም ቁጥሮች ከአንድ አካባቢ የመጡ ናቸው፤ ከቡታጅራ። ከአዳማ ተነስታችሁ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ባቱ ብትወርዱ፣ ከሐይቁ ማዶ በስተ ምዕራብ፣ ስምጥ ሸለቆው ወደ ተራራው መውጣት የሚጀምርበት ጥግ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሦስቱም ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። አንድ ሰው ከሃያ ጥያቄዎች ስንቱን «አዎ» ሲል ነው በጭንቀት ወይም በድብርት ታሟል የምንለው? በ1999 የታተመ ጥናት 11 አለ። በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት በመጀመሪያው ዙር 3፣ በሁለተኛው ዙር ደግሞ 7 አለ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄዎቹ ያው ናቸው፣ አማርኛው ያው ነው፣ አካባቢው ያው ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ የምኖረው አዳማ ነው፤ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። በሥራዬ ብዙ ጊዜ በስልክ የሚሞሉ ቅጾችን እሠራለሁና እንዲህ ዓይነት ቁጥር ለእኔ ተራ ነገር ነው፦ ኮድ ውስጥ የምትገባ አንዲት መስመር። «ድምሩ ከዚህ በላይ ከሆነ ቀይ አሳይ።» ግን ከቀዩ ወዲያ ሰው አለ። ከቁጥሩ በታች የቀረውም ሰው ነው። ስለዚህ ቁጥሯ ከየት እንደመጣች ማወቅ ፈለግኩ፤ ስከተላት ከምዕተ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወሰደችኝ።

የሰውን ጭንቀት በ«አዎ» እና «አይደለም» የመለካት ሐሳብ የተወለደው ጦር ሜዳ ላይ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምንም ቁስል የሌለባቸው ወታደሮች እየተንቀጠቀጡ፣ አንደበታቸው እየተዘጋ ከምሽግ ይመለሱ ነበር። አሜሪካ በ1917 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ሮበርት ውድዎርዝ የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር አንድ ሥራ ተሰጠው፦ ገና ከመዝመታቸው በፊት የትኞቹ ምልምሎች እንደሚሰበሩ የሚለይ መጠይቅ ማዘጋጀት። የደረሰበት 116 ጥያቄ ያለው ወረቀት ነበር። እንደብዙ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ሁሉ ሥራው ሳይደርስ ደንበኛው ጉዳዩን ጨረሰ፤ ጦርነቱ አለቀ። ሐሳቡ ግን ቀረ። አንድን የሰለጠነ ሐኪም ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት ከማስቀመጥ፣ ለሺህ ሰው ሺህ ወረቀት ማደል ይረክሳል።

በዚያ ዘመን የሚፈለገው በሽታ «ኒውሮሲስ» ይባል ነበር። ቃሉን በ1769 ያወጣው ዊልያም ከለን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነው፤ ያን ጊዜ የነርቭ ሕመም ማለቱ ነበር። በኋላ በነፍሮይድ እጅ ትርጉሙ ተገለበጠና፣ ሰውየው ከእውነታ ጋር ሳይለያይ በጭንቀት፣ በፍርሃት፣ በሐዘን፣ መንስኤው በማይታወቅ የሰውነት ሕመም የሚሰቃይበት ሁኔታ ሆነ። አሜሪካኖች በ1980 ከምርመራ መጽሐፋቸው አወጡት። እኛ ጋ ግን ቃሉ አልሞተም፣ ቤት ቀየረ እንጂ። «ነርቭ ነው» የሚል ሰው ያላጋጠመው አለ? የወገብ ሕመምም ነርቭ ነው፣ እጅ ማደንዘዝም ነርቭ ነው፣ እንቅልፍ ማጣትም ነርቭ ነው፣ ቶሎ መቆጣትም ነርቭ ነው። «አእምሮዬን አሞኛል» ከማለት «ነርቭ አለብኝ» ማለት ይቀላል፤ የመጀመሪያው ጎረቤት ያሸሻል፣ ሁለተኛው ግን ቡና እየተጠጣ ይወራል።

አሁን ወደ ሃያው ጥያቄ። በ1970ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ችግር ነበረበት። በድሃ አገሮች ጤና ጣቢያ ራሴን፣ ሆዴን፣ ደረቴን እያሉ ከሚመጡት ስንቶቹ ናቸው በእውነት በጭንቀትና በድብርት የሚሰቃዩት? ሳይካትሪስት በሌለበት ይህን ማን ይለያል? በወቅቱ ለንደን ውስጥ ዴቪድ ጎልድበርግ በ1972 ያወጣው የጤና መጠይቅ ነበረ፤ ሕንድ ውስጥ ቻንዲጋር ላይ የተሠራም ነበረ። ከእነዚህና ከሌሎች ተለቅሞ አንድ አጭር መጠይቅ ተዘጋጀ። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሎቹ ኤስ አር ኪው ይባላል፤ ትርጉሙ «ራስን የመግለጫ መጠይቅ» ነው። ሃያው ጥያቄ የኒውሮሲስ ምልክቶችን ይጠይቃል፦ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ማልቀስ፣ ውሳኔ ማጣት፣ ድካም፣ ሆድ ውስጥ የሚሰማ ደስ የማይል ነገር፣ ራስን እንደማይረባ ማየት፣ ሕይወትን የማብቃት ሐሳብ። ከሃያው በተጨማሪ ከበድ ያለ የአእምሮ ሕመምን የሚመለከቱ አራት ጥያቄዎች ነበሩ፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

መጠይቁ በሥራ ላይ የዋለበት ትልቁ ጥናት በ1980 ታተመ። አገሮቹ ኮሎምቢያ፣ ሕንድ፣ ፊሊፒንስና ጎረቤታችን ሱዳን ነበሩ። 1,624 ታካሚዎች ታይተው ወደ 14 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም ተገኘባቸው፤ አብዛኛው ደግሞ ኒውሮሲስ የሚባለው ዓይነት። ይህ ለዘመኑ ዜና ነበር፤ ድብርትና ጭንቀት የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚለውን ወሬ ሰበረ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጥናቱ የተደረገው ታምመናል ብለው ጤና ጣቢያ በመጡ ሰዎች ላይ ነው። በር እየተንኳኳ፣ ሽሮ እያማሰለች ያለች ሴት ላይ አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የአእምሮ ሕመምን ቁጥር ለማወቅ መሞከር የተጀመረው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። ሩዶልፍ ጊል የሚባል ሆላንዳዊ ሳይካትሪስት ከባልደረባው ቫን ላይክ ጋር በ1960ዎቹ እዚህ ሠርቷል፤ አንድ ትንሽ ከተማ፣ አንድ የደቡብ ምዕራብ መንደር፣ የተመላላሽ ታካሚዎች እያለ አጥንቷል። ያኔም፣ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ፣ የአገሪቱ የአእምሮ ሆስፒታል ማለት አማኑኤል ነበር። አንድ ሆስፒታል፣ በጣት የሚቆጠሩ ሐኪሞች፣ አንድ ሙሉ አገር። እንዲህ ባለ አገር አጭር መጠይቅ እንደ ተአምር ነው የሚታየው፣ አያስገርምም።

ተአምሩን በጥርጣሬ ያየው ሌላ ሆላንዳዊ ነው፤ ፍራንክ ኮርትማን። ከቴን ሆርን ጋር ሆኖ በ1988 በእንግሊዝ የሳይካትሪ መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ፣ እኔ ካነበብኳቸው ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። በጊዜው የተለመደው አሠራር ድምሩን ማየት ነው፤ ስንት አገኘ፣ ሐኪሙስ ምን አለ፣ ይገጥማል አይገጥምም። እነሱ ወደ እያንዳንዱ ጥያቄ ገቡ። ሰውየው «አዎ» ያለው ምን የተጠየቀ መስሎት ነው? «አዎ» ያለውስ ለምንድነው? እኛ ፕሮግራመሮች እንደምናደርገው ነው፤ ፕሮግራሙ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ መጨረሻውን ብቻ ከማየት መስመር በመስመር እያስቆሙ መፈተሽ። ስህተቱ ሁለት ምንጭ እንዳለው አሳዩ፤ አንዱ መረዳት፣ ሌላው ፍላጎት።

መረዳቱ ግልጽ ነው፤ ቃሉ ይተረጎማል፣ ሐሳቡ ግን አብሮ አይሻገርም። ከላይ ያልኳቸውን አራት ጥያቄዎች ውሰዱ። አንዱ፣ ሊጎዳህ የሚሞክር ሰው ያለ ይመስልሃል ወይ ይላል። ጄኔቫ ላይ ይህ የጥርጣሬ በሽታ ምልክት ነው። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ላይስ? ይህን እኔ ነኝ የምለው፦ በዚያ ጊዜ «የለም» የሚለው ሰው ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ። የደርጉን ተዉትና፣ ምቀኛ፣ መተተኛ፣ ቡዳ የሚል ቃል ከእናቱ ጋር የተማረ ሰው «የሚጎዳኝ አለ» ቢል ምኑ ያስገርማል? ሌላው ጥያቄ፣ ሰዎች ከሚያስቡህ በላይ ትልቅ ሰው ነህ ወይ የሚል ነው። ይህንን ሰርግ ላይ ለሽማግሌዎች አንብቡላቸውና እዩ።

ፍላጎት ያሉት ነገር ደግሞ ከትርጉም ስህተት ይከፋል፤ ምክንያቱም ተርጓሚ ቢቀየር አይስተካከልም። ሰው ለመጠይቅ የሚመልሰው ለወረቀት አይደለም፣ ፊቱ ለቆመው ሰው ነው። ታካሚው «አዎ» ካልኩ መድኃኒት ይሰጡኛል ሊል ይችላል። «አዎ» ካልኩ እብድ ይሉኛል ብሎም ሊፈራ ይችላል። አዳማ ላይ ታብሌት ይዞ ባጅ አንጠልጥሎ የመጣ ልጅ ያየ ሰው ሁሉ «እርዳታ ሊመዘግቡ ነው» ብሎ ማሰቡን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ራስ ምታቱም፣ የሆድ ሕመሙም፣ ድካሙም ይጨምራል። ውሸት አይደለም፤ ራስ የማያመው ማን አለ? ቆጠራው ላይ ግን አንድ ይጨምራል። ኮርትማን ከሁለት ዓመት በኋላ ብቻውን ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ መጠይቅ ለኢትዮጵያ ጎደሎ ነው አለ።

እንግዲህ አንድ ሰው እንዲህ ካለ በኋላ መጠይቁ ተጣለ? አልተጣለም። ሌላ አልነበረማ።

ቡታጅራ በ1980ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የገጠር ጤና ጥናት ጣቢያ ተቋቁሞባታል። ቤቶች ተቆጥረው፣ መወለድና ሞት እየተመዘገበ፣ ለተመራማሪ የተዘጋጀ መስክ ነበረች። የአእምሮ ጤና ጥናቱን የመሩት ዶክተር አታላይ ዓለም፣ ከደረጀ ከበደና ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር፣ በኤስ አር ኪው ቤት ለቤት 10,468 አዋቂዎችን አስጠየቁ። ይህን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትለፉት። ያኔ ታብሌት የለም፤ እያንዳንዱ መልስ በእስክሪብቶ ተጽፎ፣ ተሸክሞ፣ በእጅ ኮምፒዩተር ላይ ገብቷል። ስሙ «ራስን መግለጫ» ቢሆንም ማንበብ የማይችለው ብዙ ስለሆነ ጠያቂ ነው የሚያነበው፤ በአማርኛ፣ ቤቱ ውስጥ ጉራግኛ ወይም ስልጥኛ ለሚናገር ሰው። ከ11 በላይ «አዎ» ያለውን ሲቆጥሩ ወደ 17 በመቶ መጣ።

11 ከፍ ያለ ቁጥር ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት 7 ወይም 8 ነው። ወደ ታች ቢያወርዱት አውራጃው ግማሽ በግማሽ «ታማሚ» ሊሆን ይችላል፤ ድህነት፣ ወባና የሥራ ብዛት ባለበት፣ ከሃያው ጥያቄ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ሆድ የሚሉትን ብቻ ይዞ ስድስት ሰባት መድረስ ቀላል ነው። ከፍ ማድረጋቸው ይገባኛል። ነገር ግን ከፍ ስታደርገው ከሥር የሚያመልጥህም አለ። ስንት እንደሚያመልጥ ለማወቅ መጠይቁን ከሐኪም ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገርም እሱ ነው።

ማመሳከሩ በመርህ ደረጃ ቀላል ነው። የተወሰኑ ሰዎች መጠይቁን ይሞላሉ። ከዚያ ውጤታቸውን ያላየ ሳይካትሪስት እያንዳንዳቸውን ቁጭ አድርጎ ያነጋግራል። ሐኪሙ ታሟል ካላቸው ውስጥ መጠይቁ ስንት በመቶውን ያዘ? ጤነኛ ካላቸው ውስጥ ስንት በመቶውን በሰላም አሳለፈ? ሁለቱ ቁጥሮች እንደ ሚዛን ናቸው፤ መለያ ቁጥሯን ዝቅ ስታደርግ የመጀመሪያው ይወጣል፣ ሁለተኛው ይወርዳል። ኢሜይል ላይ ያለው የስፓም ማጣሪያ እንደዚሁ ነው፤ ጠበቅ ስታደርገው የባንክ መልእክትህንም አብሮ ይጥለዋል።

ችግሩ ሐኪሙ ነው። ማመሳከሪያ የሚሆን ሰው ከየት ይምጣ? አገር ውስጥ የሳይካትሪ ስፔሻላይዜሽን ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ሳይካትሪስት መሆን የፈለገ ባሕር ይሻገር ነበር። መጠይቁ የተፈለገው ሐኪም ስለሌለ ነው፤ መጠይቁን ለማረጋገጥ ደግሞ ሐኪም ያስፈልጋል። ዶሮዋና እንቁላሏ።

በ2008 የታተመው የሻርሎት ሀንሎንና የባልደረቦቿ ጥናት እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የተጠኑት ነፍሰ ጡሮችና በቅርብ የወለዱ የገጠር ሴቶች ናቸው፤ የቡታጅራ። ሁለት መጠይቅ ተወዳደረ። አንዱ ኤስ አር ኪው። ሌላው በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ ለወላድ እናቶች ድብርት የተሠራው የኤዲንብራ መጠይቅ፤ አሥር ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አራት አማራጭ መልስ። በዓለም ላይ ለወላዶች ከእሱ የታወቀ የለም። 101 ሴቶች ሁለቱንም ሞሉ፣ ሐኪምም አነጋገራቸው።

ኤዲንብራ ወደቀ። የመለየት አቅሙ 0.62 ነው። ይህ ቁጥር ምን ማለት መሰላችሁ? ከታመሙት አንዷን፣ ካልታመሙት አንዷን በዕጣ አውጣና መጠይቁ ለታመመችው ከፍ ያለ ነጥብ የሚሰጥበት ዕድል ነው። ሳንቲም ቢወረወር 0.50 ያመጣል። ኤስ አር ኪው 0.82 አገኘ።

ለምን እንደወደቀ ሳስብ ጥያቄዎቹን ማየት በቂ ይመስለኛል። የነገሮችን አስቂኝ ገጽታ ማየት መቻልን ይጠይቃል፤ ልክ እንደ ወትሮው፣ አሁን ትንሽ ቀነስ ብሎ፣ በጣም ቀንሶ፣ ጭራሽ ከሚሉት ምረጪ ይላል። በሐዘን ጊዜ ሳቅ ነውር በሆነበት፣ ወላድ ደግሞ አራስ ቤት ተከልላ በምትቀመጥበት አገር፣ ምን ብላ ትምረጥ? አራቱን አማራጭ በጆሮ ሰምቶ፣ በአእምሮ ይዞ፣ አወዳድሮ መምረጥ ራሱ ትምህርት ቤት የሚያስለምደው ነገር ነው። ደግሞ አስገራሚው ነገር እዚህ ነው፦ ከሁለት ዓመት በኋላ ማርቆስ ተስፋዬና ባልደረቦቹ ያንኑ የኤዲንብራ መጠይቅ አዲስ አበባ ላይ፣ ልጆቻቸውን ለክትባት ይዘው በመጡ እናቶች ሲሞክሩት ጥሩ ሠራ። ቋንቋው አማርኛ፣ አገሩ አንድ፣ በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ። ስለዚህ አንድ መጠይቅ «ለኢትዮጵያ ተረጋግጧል» ሲባል የምጠይቀው የትኛዋ ኢትዮጵያ የሚለውን ነው።

ወደ ቁጥሮቻችን እንመለስ። በዚያው የ2008 ጥናት ኤስ አር ኪው በመጀመሪያው ዙር ከሁሉ የተሻለ የሠራው መለያው 3 ሲሆን ነው፤ ከታመሙት 85.7 በመቶውን ያዘ፣ ከጤነኞቹ 75.6 በመቶውን አሳለፈ። ደስ ይላል። ከዚያ ሌላ 119 ሴቶች ላይ ደገሙት። አሁን የተሻለው መለያ 7 ሆነ፤ የያዘው 68.4 በመቶ፣ ያሳለፈው 62 በመቶ ብቻ። የመለየት አቅሙም ከ0.82 ወደ 0.70 ወረደ።

ይህንን ያደረጉ ሰዎች እንዲህ ብለው መጻፋቸውን አከብራለሁ። አንድ ዙር ብቻ ሠርተው፣ 3 ብለው፣ መሄድ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ናሙናችን አነሰ፣ ድምሩ የጭንቀትን መጠን እንደ ቴርሞሜትር ለማሳየት ይሆናል፣ «ታማሚ» እና «ጤነኛ» ብሎ ለመቁረጥ ግን አልተረጋገጠም አሉ። ናሙና አነሰ ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት በራሴ ጊዜ ሒሳብ ሠራሁ። 85.7 በመቶ ማለት ከ7 ስድስት ወይም ከ14 አሥራ ሁለት ዓይነት ክፍልፋይ ነው። ቁጥሩ እንደዚያ ትንሽ ከሆነ አንዲት ሴት ያን ቀን ልጇ አልቅሶባት፣ ወይም አማቷ በር ላይ ቆማ እየሰማች ስለሆነ፣ አንዱን «አዎ» «አይደለም» ብትለው መቶኛው በብዙ ይንቀሳቀሳል።

አሁን ቁጥሮቹን ሜዳ ላይ አውጧቸው። 1,000 ሴቶች አሉ እንበል፣ ከመካከላቸው 100 በእውነት ታምመዋል ብለን እንነሳ፤ ይህ ለምሳሌ ያህል የወሰድኩት ነው። በመጀመሪያው ዙር ውጤት 86ቱ ይያዛሉ፣ 14ቱ ያመልጣሉ። ከ900 ጤነኞች ደግሞ ወደ 220 የሚሆኑት በስህተት ቀይ ይበራባቸዋል። ቀይ የበራባቸው 306 ሴቶች ናቸው፣ በእውነት የታመሙት 86፤ ከሦስት አንድ አይሞላም። በሁለተኛው ዙር ውጤት ከሄድን 68 ይያዛሉ፣ 342 ጤነኞች ቀይ ይሆናሉ። ከስድስት አንዷ። ይህን ለሰው ስነግር «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ይሉኛል። ለማጣራት ይጠቅማል፤ ቀይ የበራበትን ሰው ቁጭ አድርጎ የሚያነጋግር ነርስ ካለ። ከሌለ ግን ለአምስት ጤነኛ ሴቶች «አእምሮሽ ታሟል» የሚል ወሬ ይዞ ሠፈር መግባት ነው።

ያው ታሪክ በሌላ መጠይቅም ተደግሟል። ፒ ኤች ኪው 9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ አሜሪካ ውስጥ የታወቀው መለያው 10 ነው። በ2013 የታተመ፣ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ላይ የተሠራ ጥናት 10 ይሠራል አለ፤ 86 በመቶ ይይዛል፣ 67 በመቶ ያሳልፋል። በ2015 ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋም 306 ታካሚዎች ላይ ሲሞከር የተሻለው መለያ 5 ሆኖ ተገኘ። ግማሽ! ከትልቅ ከተማ ሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ሲወረድ ቁጥሩ ለሁለት ተከፈለ።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄዱም ነበሩ። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተጓጉዘው እስራኤል ሲገቡ፣ እዚያ ያሉ ሐኪሞች ያልለመዱት ነገር ገጠማቸው፤ ዛር የሚል፣ ሆዴ ተቃጠለ የሚል፣ ሐዘኑን በሰውነቱ የሚናገር ታካሚ። ኢየሩሳሌም ያለው የፎልክ ተቋም ተመራማሪዎች በ2004 ያወጡት ጥናት ኤስ አር ኪውን ብቻ አልተረጎመም፤ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ጭንቀትን የሚገልጹባቸውን አባባሎች ሰብስቦ አዳዲስ ጥያቄዎች ጨመረበት። ከጸሐፊዎቹ አንዱ በ1960ዎቹ እዚህ የነበረው ያው ሩዶልፍ ጊል ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ ከሰዉ አፍ መጀመር እንደሚሻል ለማየት አርባ ዓመትና አንድ ስደት ወሰደ።

እኔ ይህን ሁሉ የማነበው በሥራ ምክንያት ነበር። አንድ ፕሮጀክት ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉ ከተሞች ሃያውን ጥያቄ በስልክ ሊጠይቅ ፈልጎ ቅጹን እኔና አንድ ባልደረባዬ ሠራን። ሁለት ቋንቋ ይፈለጋል፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ። አዳማ ላይ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ይቀላቅላል፤ ወጣ ስትል፣ መቂና አርሲ ነገሌ ገጠሩ ውስጥ፣ አማርኛው ይቀራል። የተሰጠን ትርጉም ከአማርኛው የተተረጎመ ነበር፤ የትርጉም ትርጉም። የፒ ኤች ኪው 9ን የአፋን ኦሮሞ ቅጂ ጅማ ላይ በነፍሰ ጡሮች ያመሳከሩ ተመራማሪዎች በ2018 ሥራቸውን አሳትመዋል፤ ሥራው ይቻላል ማለት ነው፣ ግን በዚያ ቋንቋ፣ በዚያ ቦታ ለብቻው መሠራት አለበት። የአማርኛው 7 ወደ ኦሮምኛ ሲሻገር 7 ሆኖ አይሻገርም።

ለምሳሌ የሆዱን ጥያቄ እንይ። በአማርኛ ሆድ ሆድ ብቻ አይደለም። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይሻክራል፣ ነገርም ሆድ ይፈጀዋል። በኦሮምኛም ገራ እንደዚሁ ነው፤ ሆድም ነው፣ ልብም ነው፣ የሰው ውስጡ ነው። «ሆድህ ውስጥ ደስ የማይል ነገር ይሰማሃል?» ብትለው ሰውየው ስለ ጨጓራው ይሁን ስለ ሞተች እህቱ የሚመልሰው በምን ይታወቃል? ጄኔቫ ላይ ይህ ጥያቄ የገባው የሰውነት ምልክት ተብሎ ነው። እዚህ ምናልባት ከሃያው ሁሉ ወደ ሐዘን በጣም የሚጠጋው እሱ ነው። አንዲት ጠያቂ ልጅ በሥልጠናው ቀን «ስለ ሐዘን የሚጠይቀውን ሳነብ ዝም ይሉኛል፣ ስለ ሆድ ስጠይቅ ግን ታሪክ ይጀምራሉ» አለችን። ቅጹ ላይ ግን ለታሪክ ቦታ የለም፣ 1 ወይም 0 ነው።

መለያ ቁጥሩን ስጠይቅ «ሌሎች ያደረጉትን አድርግ» ስላሉን የሦስቱን ጥናቶች ቁጥር በአንድ ገጽ አድርጌ ላክሁላቸው። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ ለሪፖርት አንድ ቁጥር ይፈለጋል፣ «17 በመቶ» የሚል ነገር ከሌለ ገንዘብ ሰጪው አይረዳም አሉ። እንዳሉትም ነው። በመጨረሻ የተስማማነው ቀዩ ከጠያቂዎቹ ስክሪን ላይ እንዲወጣ፣ ድምሩ ብቻ ሳይሆን ሃያዎቹም መልሶች ለየብቻ እንዲቀመጡ፣ የመጠይቁ ቋንቋና የቦታው ስም ከእያንዳንዱ መልስ ጋር እንዲመዘገብ ነው። አንድ ቀን በአፋን ኦሮሞ የሚያመሳክር ሐኪም ሲመጣ መለያውን ከመረጃው ላይ ማውጣት ይችላል።

ጥያቄ 17 ላይ ግን አልተከራከርንም። እሱ ሕይወትን ስለማብቃት የሚጠይቀው ነው። በድምሩ ውስጥ ዋጋው ከራስ ምታት እኩል ነው፤ አንድ። ሁለት «አዎ» ብቻ ያላት፣ ከመካከላቸው አንዱ 17 የሆነ ሴት በ11ም፣ በ7ም፣ በ3ም ብትለካ «ጤነኛ» ናት። ስለዚህ ከድምሩ ውጭ አወጣነው። ለእሱ «አዎ» ሲነካ ቅጹ ይቆማል፤ ጠያቂዋ ታብሌቱን ታስቀምጥና ከሰውየው ጋር ትቆያለች፣ ስክሪኑ ላይም የምትደውልበት ቁጥር ይወጣል። ባዶ ቦታውን ሠርተን ከጨረስን በኋላ ለእያንዳንዱ ከተማ የሚነሳ ስልክ ይሰጠን አልን። የአዳማው በማግሥቱ መጣ፤ የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። የሌሎቹ ከተሞች ቁጥር ተሟልቶ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ፈጀ፤ እስከዚያ ድረስ ቅጹን አልከፈትነውም።